«ጠበቅ» ወይስ «ጥብቅ»? ከጋራዥ ግድግዳ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ከዚሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጠያቂው ጋራዥ ውስጥ ልጆች ያሰለጥናሉ። ስለ ፊለር ጌጅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉና ክርክር ተነሳ። እሳቸው «ምላጩ ጠበቅ እስኪል» ብለው የጻፉትን አንዱ ሰልጣኝ በስክሪብቶ ሰርዞ «ጥብቅ እስኪል» አደረገው። «ልዩነት አለው ወይስ ያው ነው? ማስታወሻውን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ፣ ሌላም ስህተት ካለ ሳይሳሱ ይንገሩኝ» ይላሉ።

ልዩነት አለው። ያውም ቫልቭ የሚያቃጥል ልዩነት።

መጀመሪያ ዕቃውን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስተዋውቅ። ፊለር ጌጅ ውፍረታቸው የተለያየ ስስ የብረት ምላጮች እንደ ሰንጢ ከአንድ እጀታ የሚወጡበት መለኪያ ነው። በየምላጩ ላይ ውፍረቱ ተጽፏል፤ ጋራዥ ውስጥ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በቫልቭ (ሞተር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ነው) እና እሱን ገፍቶ በሚከፍተው ክንድ፣ በሮከር መካከል፣ ወይም በካንዴላ ጫፎች መካከል ያለ ክፍተት የሚለካው በዚህ ነው። 0.15ን ከ0.20 ዓይን አይለይም። ምላጩን የሚስብ እጅ ግን ይለያል፤ ለዚህ ነው ማስታወሻው ላይ የእጁ ስሜት በትክክል መጻፍ ያለበት።

ወደ ቃላቱ እንምጣ። አማርኛ ብዙ ግሶችን ከ«አለ» ወይም ከ«አደረገ» ጋር እያጣመረ ሁለት መልክ ያወጣላቸዋል። አንዱ ለዘብ ያለ ነው፦ ከፈት፣ ሰበር፣ ጠረግ፣ ጠበቅ። ሌላው የበረታ ነው፦ ክፍት፣ ስብር፣ ጥርግ፣ ጥብቅ። ፊደሉን ልብ ብላችሁ እዩት። በለዘበው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ግዕዝ ናቸው፣ ጠ እና በ። በበረታው ሳድስ ይሆናሉ፣ ጥ እና ብ። የመጨረሻው በሁለቱም ሳድስ ነው። «በሩን ከፈት አድርጊው» ሲባል ትንሽ አየር ይግባ ነው፤ «ክፍት አድርጊው» ሲባል ግን ወለል ይበል ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪ የሚሄድ ባለ ባጃጅ «ጠጋ በሉ» ሲለን ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ እንፈጥራለን። «ጥግት በሉ» ቢለንማ ሌላ ሐሳብ ያለው ይመስለናል።

ይሄንን ማንም አላስተማረንም፣ ከእናታችን ጋር ተነጋግረን ያገኘነው ነው። ስንጽፍ ግን እንዘነጋዋለን፤ በተለይ «ጠበቅ» የሰነፍ አነጋገር፣ «ጥብቅ» ደግሞ የቁም ነገር የሚመስለን ብዙ ነን። ሰልጣኙም ያረመው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ምላጩን እንያዝ። የሚፈለገው 0.15 ነው እንበል። የ0.15ቱ ምላጭ ያለ ምንም ስሜት ግብት ካለ ክፍተቱ ሰፊ ነው። አልገባም ብሎ ድርቅ ካለ ጠባብ ነው። ገባ ብሎ፣ ስትስቡት ያዝ ካደረገው ግን ልኩ እሱ ነው። ግብት፣ ድርቅ፣ ያዝ። ሦስት ቃል ሙሉ ትምህርቱን ተሸከመ፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ይህን ለማለት ሁለት መስመር ይፈጃል ብዬ ብኩራራ አይፈረድብኝም።

«ጥብቅ እስኪል» የሚለውን ያነበበ ልጅ ምን ያደርጋል? ማስተካከያውን ብሎን እያዞረ ምላጩን ጭምድድ ያደርገዋል። ያኔ ክፍተቱ ከሚገባው ጠቧል ማለት ነው። ሞተሩ ሲሰራ ይሞቃል፣ የጋለ ብረት ይረዝማል፣ የቀረችውም ክፍተት ታልቃለች። ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ግፊቱ ያፈተልካል፣ የጋለው ጋዝ በጠርዙ በኩል ሲያልፍ ቫልቩን ይበላዋል። ከመጠን በላይ ሲሰፋም ደግ አይደለም፤ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዕቃውም ቶሎ ያልቃል። የሰፋው ግን ድምፅ አለው፣ የጠበበው ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። ስለዚህ የእርስዎ «ጠበቅ» ትክክል ነው። እኔ ብሆን «ያዝ እስኪያደርገው» እል ነበር፤ «ጠበቅ» ብሎኑን ይሁን ምላጩን አሻሚ ነው።

ለዘብ ያለው ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማስታወሻዎ ሁለተኛ መስመር ላይ «ሞተሩ በረድ ሲል ለካ» ይላል። ይሄ ስህተት ነው! «በረድ ሲል» ማለት ትኩሳቱ ቀነስ ሲል ነው፤ እጅ የማያቃጥል ሞተር ሁሉ በረድ ብሏል። የፋብሪካው መመሪያ በቀዝቃዛ ሞተር ለካ ካለ ግን የሚፈልገው ጨርሶ የቀዘቀዘውን፣ ለምሳሌ አድሮ የተነሳውን ነው። «ሙሉ በሙሉ ሲበርድ» ብለው ይጻፉት። አንዳንድ ሞተር በሙቅ ይለካል የሚባልም አለ፤ እሱን መመሪያው ይንገራችሁ።

የጽዳቱም ክፍል ላይ ሁለቱ መልኮች ተገለባብጠዋል። «ምላጩን ጠረግ አድርገህ ዘይት ልቅልቅ አድርገው» ይላል። በተቃራኒው ነው መሆን ያለበት፦ ጥርግ አድርገው፣ ዘይት ቀባ አድርገው። ምላጩ ላይ የቀረ ቆሻሻ ራሱ ውፍረት አለው፤ የ0.05ን ምላጭ ያህል ስስ ነገር ላይ ትንሽ እድፍ ልኩን ያዛባል። ዘይቱ ደግሞ ለዝገት ነው፣ በክረምት እርጥበት ወቅት በተለይ ያስፈልጋል፤ ግን ስስ ይሁን፣ የተለቀለቀ ምላጭ አቧራ ይሰበስባል። ከመለካትም በፊት እንደገና በንጹህ ጨርቅ ጥርግ ነው። ለ«ጎበጥ ያለ» ምላጭ ምሕረት የለም። ጉብጥ እስኪል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጎበጥ ካለ ከውፍረቱ በላይ ቦታ ይይዛልና ውሸት ይናገራል። ቀጫጭኖቹን ገፍተው ሳይሆን ስበው ይለኩባቸው፣ ሲገፉ ነው የሚታጠፉት። በምላጭ ካርቦን የሚፍቅ ልጅ ካለ ደግሞ ፊለር ጌጁን ይቀሙት፣ ሰዋስው አያስፈልገውም።

ማስተካከያውን ብሎን ስለሚያስረው ዳዶ የሚናገረው አምስተኛው መስመር አሳቀኝ። «ከተለካ በኋላ ዳዶው ይጠብቅ።» ዳዶው ማንን ነው የሚጠብቀው? «ይጠብቅ» የጥበቃ ነው፣ በር ላይ ለሚቆም ሰው የሚባል። ለዳዶ «ይጥበቅ» ነው። «መጠበቅ» እና «መጥበቅ» የተለያዩ ግሶች ናቸው። «ይጠብቃል» ላይ ሲደርሱ ግን ጽሕፈቱ አንድ ይሆንና ንባቡ ይለያቸዋል፦ ብ ከጠበቀች ዘበኛው ነው፣ ከላላች ዳዶው ነው። (እኛ የቋንቋ ሰዎችም ፊደል «ይጠብቃል»፣ «ይላላል» እንላለን፤ ቁልፍ ግን አንይዝም።) ከሁሉ የሚሻለው ለሰልጣኙ በቀጥታ «አጥብቅ» ማለት ነው። አክለውም «ብሎኑን በካቻቢቴ ይዘህ» ይበሉ፣ አለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ለዚህም ነው ከታሰረ በኋላ ደግሞ መለካት የግድ የሚሆነው።

ቁጥር አነባበብ ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ባይጠይቁኝም። «ነጥብ አምስቷን አቀብለኝ» የሚል ሰው የትኛዋን ነው የፈለገው? 0.5ን ነው ወይስ 0.05ን? አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። 0.05ን «ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት»፣ 0.15ን «ዜሮ ነጥብ አንድ አምስት» ብለው እያንዳንዱን አኃዝ ያስጠሩ። «ነጥብ አሥራ አምስት» ማለት የለመደ ጋራዥ ብዙ ነው፣ ያግባባልም፤ ችግሩ ያው ልጅ 0.2ን «ነጥብ ሁለት» ሲል 0.15ን ይበልጥ የወፈረ አድርጎ ማሰቡ ነው፣ አሥራ አምስት ከሁለት ይበልጣላ። ሁለት ምላጭ ደርበው 0.35 ለማግኘት 0.15ና 0.20 ሲደምሩማ ይሄ ስህተት ወዲያው ይወጣል። ሲደርቡም በተቻለ መጠን ከሁለት አይለፉ፤ በመሃል የሚገባው ዘይትና አየር ራሱ ይለካል።

«ክሊራንስ» ያሉትን «ክፍተት» ቢሉት ይበቃል፣ ልጆቹም ያውቁታል። «ቀዳዳ» ግን አይሆንም፣ ቀዳዳ የተበሳ ነገር ነው።

ማስታወሻውን እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ለካ። ምላጩን ጥርግ አድርገው። ገባ ብሎ ስትስበው ያዝ ካደረገ ልክ ነው። ብሎኑን በካቻቢቴ ይዘህ ዳዶውን አጥብቅ። ደግመህ ለካ። ስትጨርስ ጥርግ አድርገህ ዘይት ቀባ አድርግና ወደ ቤቱ መልሰው።»

በመጨረሻ የጠየቁኝ «ፊለር ጌጅ»ን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለውን ነው። ፊለር ጌጅ በሉት። ዕቃ መሸጫም ሄዳችሁ የምትጠሩት በዚህ ስም ነው።