መስኮታችሁን ቁምጣ አታልብሱት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የብሎካችን ልጅ በሬን አንኳኳች። ያገለገለ ሲንጀር ገዝታለች። ስልኳን ከፍታ አንድ ቀሚስ አሳየችኝ፤ ወገቡ የተሰበሰበ፣ እጅጌው የተነፋ፣ ጀርባው ላይ ድብቅ ዚፕ ያለው። «ጋሼ፣ ይቺን ለቅዳሜ ሰርግ እደርስባታለሁ?» አለችኝ። ከዚህ በፊት ምን ሰፍተሽ ታውቂያለሽ ብላት «ቁልፍ ሲበጠስ እሰፋለሁ» አለች። ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

አርባ ዓመት ግድም ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። የጀመርኩት መርካቶ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። አሁን ዓይኔ ደከም ስላለ የሰው ሥራ አልቀበልም። እንደዚች ልጅ ያሉት ሲመጡ ግን ደስ ይለኛል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ቀሚሱን ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ መጋረጃ ስፉ።

ለምን መጋረጃ? መስኮት ሰው አይደለማ። ትከሻ የለውም፣ ዳሌ የለውም፣ ከፋሲካ በኋላ አይወፍርም። የሚፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። ቀጥ አድርጎ መስፋት ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጀመሪያ ያሰፉኝ ጨርቅ ሳይሆን አሮጌ ጋዜጣ ነው። ክር የሌለው መርፌ፣ የጋዜጣው መስመር፣ እና እኔ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሱትና ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ ወጣ ካሉ ዝም ብለው ሌላ ገጽ ይሰጡኛል። እናንተም ሞክሩት፣ ወጪ የለውም። ሲበቃችሁ ግን መርፌውን ቀይሩ፤ ወረቀት መርፌ ያዶለዱማል።

እሺ፣ ወደ መስኮቱ። ቁጥር የማትወዱ ትንሽ ታገሡኝ።

መስኮቱ 1 ሜትር ከ20 ነው እንበል። የመጋረጃው ብረት በግራም በቀኝም 20፣ 20 ሳንቲሜትር ካለፈ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳትና 1 ሜትር ከ60 ጨርቅ ገዝቶ ይመጣል። ሲሰቅለው ልክ ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ቀጥ ብሎ ይወጠራል። መጋረጃ መጋረጃ የሚመስለው ሲሸበሸብ ነው፤ ስለዚህ የብረቱን እጥፍ ያዙ፣ 3 ሜትር ከ20። ሁለት ክንፍ ካደረጋችሁት አራት የጎን ጠርዝ አለ፤ ለእያንዳንዱ 5 ሳንቲ ጨምሩና 3 ሜትር ከ40 ግዙ። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ወርዱ 2 ሜትር ከ80 ነው፤ ያንን ወርድ ወደ ቁመት አዙራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ከብረቱ እስከ ወለሉ 2 ሜትር ከ40 ከሆነ፣ ከላይ ለብረቱ ማስገቢያ 10፣ ከታች ለቅምቅማት 20 ስትጨምሩ 2 ሜትር ከ70 ይመጣል። በቃ፣ 10 ሳንቲ ተረፋችሁ ማለት ነው።

አልተረፋችሁም! ጥጥ ከሆነ ገና አልታጠበም።

ይቺን የተማርኩት በኪሴ ነው። ብቻዬን የተቀበልኩት የመጀመሪያ ሥራ የአንዲት ጎረቤት መጋረጃ ነበር። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ደስ የሚል ውኃ ሰማያዊ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ በካውያ ተኩሼ ሰቀልኩላቸው። መርቀው ከፈሉኝ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲያጸዱ አጥበው ሲሰቅሉት ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። ልጅ ልከው አስጠሩኝ። በሩ ላይ ቆመው «ና እስቲ እይልኝ፣ መስኮቴን ቁምጣ አልብሰህልኝ ሄድክ» አሉኝ። ከራሴ ገንዘብ ጠቆር ያለ ጨርቅ ገዝቼ ከታች ቀጠልኩበት። ሴትየዋ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር «ባለቁምጣው» ይሉኝ ነበር፤ ስሜ ሆኖ ቀረ።

ጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ እስከ 5 እጅ ሊገባ ይችላል። 2 ሜትር ከ80 የነበረው 2 ሜትር ከ66 ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ብትን ጨርቁን ወደፊት በምታጥቡበት ውኃ ዓይነት መጀመሪያ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ለኩ። ከታች ያለውን ቅምቅማት ከ20 ወደ 16 ዝቅ ካደረጋችሁት ከላይ ባልነው ልክ ይበቃችኋል። ፖሊስተር ብዙም አይገባም፤ እሱ ደግሞ ጠላቱ ካውያ ነው። የጋለ ካውያ ስታሳርፉበት ይኮማተርና ይጣበቃል። መጀመሪያ ከዳር በተቆረጠች ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ወደ ላይ እየታጠፈ የሚሰበሰበውን፣ ከጀርባው ቀለበትና ገመድ ያለውን የመስኮት መጋረጃ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ያምራል፣ ጨርቅም ይቆጥባል፤ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ሥራ አቆዩት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ባይሠራ እመርጣለሁ፤ የተንጠለጠለው ገመድ የልጅ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ስለ ሲንጀሩ ራሱ ብዙ አልልም። እኛ ሀገር ቻይና የሠራውንም ቢሆን ብዙ ሰው ሲንጀር ነው የሚለው፣ ስሙ ገዝቶናል። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ከጨርቁ በታች ክር እንደ ወፍ ጎጆ ሲተበተብ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይፈታል፣ ይበታትናል፣ ይራገማል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የላዩን ክር አውጡት፣ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሱ፣ ከዚያ እንደገና አስገቡ። እግሩ ወርዶ ክር ከገባ ክሩ መጥበቂያው ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ዘይት። የሲንጀር ዘይት እንጂ የወጥ ዘይት አይደለም! አንድ ወዳጄ ጎመን የሚሠራበትን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎበት፣ ከሁለት ወር በኋላ መዘውሩን በሁለት እጅ ብንታገለው እምቢ አለን። የወጥ ዘይት እየቆየ እንደ ሙጫ ይሆናል።

መርፌም ለጨርቁ ነው የሚመረጠው። ለተለመደው ጥጥ 90 ቁጥር፣ ለጂንስ 100 ወይም 110። የደነዘ መርፌ ጨርቅ ሲበሳ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ አለው፤ ያን ስትሰሙ ቀይሩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። መጋረጃው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ቁርጥራጭ እንዳትጥሉ። ድሪቶ ስፉ።

አውቃለሁ፣ ቃሉ ራሱ ያሳፍራችኋል። በኛ ጊዜም ድሪቶ ለባሽ መባል ስድብ ነበር። እናቴ የለበሰችውን እራፊ በእራፊ ላይ የተጣፈ ልብስ ሳስታውስ ልቤ ይከፋዋል፤ እሷ ግን ስትጥፍ ቀለም ከቀለም ታመሳክር ነበር፣ ቸገረኝ ብላ አይደለም ያገኘችውን የምትለጥፈው። አሜሪካ ያለችው ልጄ አንድ ቀን ፎቶ ላከችልኝ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል በሦስት ጎን በወንዝ የተከበበች መንደር አለች። ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ፣ ከተቀደደ ጂንስ፣ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ ለብርድ ነው፣ ለጌጥ አይደለም። በፈረንጆቹ 2002 ሂዩስተን ያለ ትልቅ ሙዚየም ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ 2006 ላይ ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው። ጉልበቱ ላይ የነጣው ጂንስ ከነንጣቱ ይታያል። ፎቶውን ሳየው እናቴን ነው ያየሁት።

ለመጀመሪያ የሕፃን ብርድ ልብስ ይበቃል። ከካርቶን 15 በ15 ሳንቲ የሆነ ልክ ቁረጡ። በሱ ልክ 56 ቁራጭ አዘጋጁ፤ ጠቆር ባለው ጨርቅ ላይ ጠመኔ ከሌላችሁ አልቆ የደረቀ ስስ ሳሙና ጥሩ መስመር ያሰምራል፣ ሲታጠብም ይጠፋል። በዙሪያው 1 ሳንቲ ለስፌት ሲሄድ እያንዳንዱ 13 ይሆናል። ሰባቱን ጎን ለጎን፣ ስምንት ረድፍ። 91 በ104 ሳንቲ የሆነ ብርድ ልብስ ወጣችሁ። ረድፎቹን ከማገናኘታችሁ በፊት ስፌቱን አንዱን ረድፍ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ አጥፋችሁ ተኩሱ፤ ሲገጣጠሙ ማዕዘኑ ላይ አይከምርም።

ለመሃሉ ፈረንጆቹ ጥጥ ንጣፍ ይገዛሉ። እኛ ያረጀ ጋቢ አለን። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙን ፈታችሁ ሁለቱን ብቻ ውሰዱ፣ አለዚያ መርፌው ይቸገራል። ከሥር አቡጀዲ፣ ከመሃል ጋቢው፣ ከላይ የገጠማችሁት። ከዚያ ሳትቸኩሉ በእጅ መርፌ ሰፋ ሰፋ እያደረጋችሁ ወስውሱት፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር። ከዳር ከጀመራችሁ መሃሉ ያብጣል፤ ያበጠ ድሪቶ ደግሞ በካውያ አይተኛም። የወሰወሳችሁበት ክር ሦስቱን አንድ ላይ በሲንጀር ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ስለሚነቀል መልኩ አያስጨንቃችሁ።

ልጅቷን ልንገራችሁ። ለሰርጉ የእህቷን ቀሚስ ለብሳ ሄደች። መጋረጃውን ግን ጀምራለች፤ አበባ ያለበት ጨርቅ ነው የገዛችው። ትናንት ሁለቱን ክንፍ ይዛ መጣች። ስፌቷ ቀጥ ብሏል፣ ቅምቅማቷ እኩል ነው፣ እኔ ራሴ ገርሞኝ «ጎበዝ!» ልላት ስል ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። በአንዱ ላይ አበባው ወደ ሰማይ ያያል፤ በሌላው ላይ ወደ መሬት ተዘቅዝቋል። ዝም ብዬ አየኋት። እሷም ጨርቁን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ጨርቁን አየች። ከዚያ በርጩማውን ስባ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ምላጩን ያቀብሉኝ።»