የቲቢ መድኃኒት ተጨርሶ ጂን ኤክስፐርት «አለ» ሲል

ጥያቄው የሐይቅ ከተማው ወንድማችን ነው። አባቱ የ6 ወር የቲቢ መድኃኒታቸውን ጨርሰዋል፤ ሳሉም ለቋቸዋል። ለማንኛውም ብሎ ደሴ ወስዶ በጂን ኤክስፐርት፣ ማለትም በቲቢ መመርመሪያው ማሽን፣ ሲያስመረምራቸው «ቲቢ ተገኝቷል፣ መጠን፦ በጣም ዝቅተኛ» ተባለ። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው ወይስ መድኃኒቱ አልሠራም?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። እዚሁ ደሴ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ይቺ ወረቀት ያላስደነገጠችው ሰው የለም። ምናልባት ሁለቱም ላይሆን ይችላል።

ጂን ኤክስፐርት ሆዱ ውስጥ ያለው ሪል ታይም ፒሲአር ነው፤ ዲኤንኤን እያባዛ እዚያው የሚለካ ዘዴ። የሚፈልገው የጀርሙን ዲኤንኤ (ሁለት ክር ያለውን የዘር መረጃውን) እንጂ ጀርሙን ራሱን አይደለም። አክታው ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ 15 ደቂቃ ይቆይና ካርትሪጅ የምትባል የመመርመሪያ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ዲኤንኤውን ሲያሞቀው ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ። ቀዝቀዝ ሲል ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ቦታቸውን ፈልገው ይለጠፋሉ፤ ቅጂ ሠሪው ኢንዛይም ከዚያ ተነስቶ ሥራውን ይጀምራል። ሙቀቱ 95 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ተራ ኢንዛይም አይችለውም። ለፒሲአር የዋለው የመጀመሪያው ሙቀት ቻይ ኢንዛይም የተገኘው አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። እኛ ፍል ውሃ የምንወርደው ለመታጠብ፣ እነሱ ጀርም ፍለጋ!

በየዙሩ ቅጂው እጥፍ ይሆናል። አንዷ ከ30 ዙር በኋላ ከ1 ቢሊዮን በላይ ናት። ቅጂው ላይ የሚለጠፍ፣ ሲለጠፍ የሚያበራ ፕሮብ ስላለ ማሽኑ ብርሃኑን በየዙሩ ይለካል። ብርሃኑ ጎልቶ የታየበት ዙር ሲቲ ይባላል። ቶሎ ከበራ መነሻው ብዙ ነበር፤ ከዘገየ ጥቂት። የ10 እጥፍ ልዩነት 3.3 ዙር ገደማ ነው። «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «በጣም ዝቅተኛ» የሚለው ከዚህ ነው የሚመጣው። የኤችአይቪ ቫይራል ሎድም (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ያው ነው፤ መጀመሪያ የቫይረሱ የዘር መረጃ፣ አርኤንኤው፣ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ከዚያ መጠኑ ከታወቀ ናሙና ጋር ተነጻጽሮ በሚሊ ሊትር ስንት ቅጂ እንዳለ ይሰላል።

አሁን ወደ አባትህ። የሞተ ጀርም ዲኤንኤ ወዲያው አይጠፋም፤ ሟቹ ከተቀበረ በኋላም ቀበሌ መዝገብ ላይ ስሙ እንደሚቆየው ነው። ማሽኑ የሞተና ያለ አይለይም። በኮሮና ጊዜም ድኖ ሥራ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ «ፖዘቲቭ» ሲባል አይታችኋል። ለዚህ ነው ጂን ኤክስፐርት በሽታውን ለማግኘት እንጂ ሕክምናን ለመከታተል የማይመከረው። ክትትሉ በማይክሮስኮፕ ነው፤ ጀርሙ በሕይወት መኖሩን የሚለየው ግን ካልቸር (ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ) ነው፣ ሳምንታት ቢወስድም።

ማሽኑ አያስቸግርም አልልም። መብራት ድርግም ካለና መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለ የተጀመረው ምርመራ ይቋረጣል፤ ካርትሪጁም ከሰረ። ከዚያ የሚብሰው ግን ናሙናው ነው። አረፋ የሞላው ምራቅ ይዞልኝ የሚመጣ አለ! አክታ ማለት ጠዋት፣ አፍ በውሃ ተጉመጥሙጦ፣ ከደረት በጥልቅ ተስሎ የሚወጣው ነው።

ስለዚህ ሕክምናውን ወደተከታተሉበት ጤና ጣቢያ የሕክምና ካርዳቸውንና ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ የሪፋምፒሲን፣ የዋናው የቲቢ መድኃኒት፣ መስመርም አለ፤ ጀርሙ መድኃኒቱን መላመዱን የሚናገረው እሱ ነው፣ አሳዩላቸው። ዲኤንኤው ጥቂት ሲሆን እዚያ ላይ «አልታወቀም» ሊል ይችላል። ካልቸር ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል፤ እስከዚያ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳትጀምሩ። ሳሉ፣ የሌሊት ላቡ ወይም ክብደት መቀነሱ ከተመለሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ይዘሃቸው ሂድ።