ማሲንቆንና ድምፅን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ መቅረጽ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ በተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ማሲንቆ እየመታሁ የምዘፍነውን ለመቅረጽ፣ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ። ቀረጻው ግን ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል፤ ከሥሩም «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለው። የተሻለ ማይክ ልግዛ ወይስ ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ልለጥፍ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱም ይቅሩ። ኮንደንሰር ማይክ ረቂቁን ድምፅ ሁሉ ስለሚያነሳ፣ ውድ የሆነውን ቢገዙ የክፍሉን ጉድለት ይበልጥ አጥርቶ ያሰማዎታል እንጂ አያስወግደውም። መሐል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ በኃይል ያጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ የሚርገበገብ ድምፅ ከተከተለ፣ ድምፁ ፊት ለፊት በሚተያዩት ልስን ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። የእንቁላል ካርቶን ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ቢቀንስም ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል፤ በዚያ ላይ እሳት በቀላሉ ይይዛል። ቡሉኮ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በገመድ ሲንጠለጠል ከእሱ እጅግ የተሻለ ይሠራል።

የሚሰቀልበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ብዙዎች በዘፋኙ ፊት ለፊት፣ ከማይኩ ጀርባ ይሰቅሉታል። የእርስዎ ማይክ፣ እንደ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ማይኮች፣ ካርዲዮይድ ከሆነ፣ ከፊቱ የሚመጣውን አጉልቶ ከጀርባው የሚመጣውን ያዳክማል፤ ስለዚህ በጉልህ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ሳይሆን ከጀርባዎ ካለው ግድግዳ የሚመለሰውንም ድምፅ ነው። ቡሉኮው ከጀርባዎ ይሰቀል፤ የማይኩ ጀርባ ደግሞ ባጃጅ ወደሚያልፍበት መስኮት ይዙር። ፍራሽዎን በቀረጻ ሰዓት ጥግ ላይ ቢያቆሙትና ሲሚንቶው ወለል ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ ቢያነጥፉ ለውጡን ወዲያውኑ ይሰሙታል።

«እምምታው» ምናልባት ከመብራቱ የሚመጣ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ይፈጥራል። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ይቅረጹ። ከጠፋ ምክንያቱ ቻርጀሩ ወይም የቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር) ነውና መስመሩን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያሳዩ፤ በባትሪ መቅረጽ መብራት ድንገት ሲጠፋም ሥራዎን ያተርፍልዎታል። ካልጠፋ ማይኩን ከፍሪጅና ከአምፖል አርቀው፣ በሌላ የዩኤስቢ ኬብል ይሞክሩት።

ማሲንቆውንና ድምፅዎን ለየብቻ እንዲቀርጹ የሚመክርዎ ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም፤ በአዝማሪ አዘፋፈን ገመዱ ለግጥሙ መልስ ይሰጣል፣ ዘፋኙም ትንፋሹን በዚያው ልክ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ሲነጣጠሉ ይህ መቀባበል ይጠፋል። በአንድ ማይክ ለመሥራት፣ ማይኩን ከደረትዎ ትይዩ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አርቀው በአፍዎና በማሲንቆው ቆዳ መካከል ያቁሙት፤ ማሲንቆው ድምፅዎን ከዋጠው ማይኩን ጥቂት ከፍ፣ ድምፅዎ ከበረታ ዝቅ ያድርጉት። የደጋኑ ፍትጊያ ጎልቶ ከተሰማ ማይኩ ደጋኑ ገመዱን ከሚነካበት ቦታ ዘወር ብሎ ወደ ቆዳው ይመልከት። ይህን ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን በኋላ በሚክሲንግ (የተቀረጸውን ድምፅ በማቀናበር) የማይታረመው ይህ ነውና አይቸኩሉ። መቅረጫውን፣ መሣሪያው ከፈቀደ፣ በ24 ቢት (ድምፁን ይበልጥ ረቂቅ አድርጎ በሚመዘግበው ምርጫ) አድርገው፣ በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከ‑12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ ይጠብቁ። ሶፍትዌሩን በተመለከተ በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ ለጅምር ይበቃዎታል።

ገንዘብ ሲያገኙ አስቀድመው ጆሮን የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን፣ ቀጥሎ ማይኮችን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሁለት መግቢያ ኦዲዮ ኢንተርፌስና ሁለት ዳይናሚክ ማይክ ይግዙ። ዳይናሚክ ማይክ ወደ አፍና ወደ ቆዳ ቀረብ ተደርጎ ስለሚሠራበት የክፍሉንና የውጩን ድምፅ ያን ያህል አያነሳም።

ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ በቡሉኮ የሚቆም ድምፅ አይደለምና ቀረጻውን ዝናቡ ወደማይበዛበት ሰዓት ያዛውሩ። በዚያ ወቅት እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ስለሚያላላው ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ቅኝቱን ይፈትሹ፤ ማይኩንም ከሥራ በኋላ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምረው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት።