በለቀቀው ሠራተኛ ስም መሥራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ ባለ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሥራ ለቋል። እኔ ግን እስካሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ የምገባው በእሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። የማትመው የወጪ ሰነድ ሁሉ “ያዘጋጀው” በሚለው ቦታ የእሱን ስም ያወጣል። ኃላፊዬን ብጠይቃቸው “ምን ችግር አለው? ስሙን ወደ አንቺ እናስቀይረዋለን” አሉኝ። የሰኔ ቆጠራ ስለደረሰ ፈርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?
(ስሜ አይጠቀስ፣ ከቃሊቲ)

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ያየዋል፤ እኔን ግን በጣም ያሳስበኛል። አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የመጋዘን ሠራተኞቹ በሙሉ በአንድ የተጠቃሚ ስም ይገቡ ነበር። በቆጠራ የብረት ጉድለት ተገኘ። መዝገቡ የሚያሳየው ያንኑ አንድ ስም ነው። ስሙ የተከፈተለት ልጅ በእጁ ስላልነካው ብረት ተጠየቀ። እኔ አይደለሁም ቢልም በምን ያስረዳ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ በሚገኘው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመሩት ቡድን ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሲስተም አሳየ። ያኔ ኮምፒውተር ሰፊ ክፍል የሚይዝ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነበር። ለየሰው መግዛት አይታሰብም። ማሽኑ የጋራ ሲሆን ደግሞ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ መለየት ግድ ሆነ። የይለፍ ቃልም እዚያው ሲስተም ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ኮምፒውተሩ በውስጡ ሰውን የሚለየው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ የሚባለው ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ሶፍትዌር፣ በኋላም እሱን የሚመስለው ሊኑክስ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁጥር ይሰጣል፤ የዋናው አስተዳዳሪ ቁጥር 0 ነው። ፋይሉ ላይ የሚመዘገበው ይኸው ቁጥር ነው። ዊንዶውስም ረዘም ያለ መለያ ቁጥር አለው። ስሙ እኛ እንድናነበው የተለጠፈ ነው።

የኃላፊሽ ሐሳብ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ቢቀየርም ቁጥሩ ያው ነው። የመጋዘኑ ሶፍትዌርም እንዲሁ በቁጥር የሚሠራ ከሆነ፣ ልጁ አንቺ ሳትቀጠሪ ያወጣው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሁሉ በአንቺ ስም ተነቦ ቁጭ ይላል። “እንግዲያው የእሱን እናጥፋው” ቢሉም እሺ አትበይ። ሊኑክስ ላይ የጠፋው ሰው ቁጥር ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ የድሮው ሰው ፋይሎች የአዲሱ ይሆናሉ። ዊንዶውስ ደግሞ በዚያው ስም ብትከፍቺ እንኳ እንደ ሌላ ሰው ነው የሚቆጥርሽ።

የእሱ አካውንት ይዘጋ እንጂ አይጥፋ። የሠራው ሥራ በስሙ ይቀመጥ። ለአንቺ አዲስ ይከፈትልሽ፤ የይለፍ ቃሉን ራስሽ አውጪው፣ የከፈተልሽ ባለሙያም አይወቀው። ኃላፊሽ ካቅማሙ፣ በሌላ ሰው ፊርማ ዕቃ ይወጣ እንደሆነ ጠይቂያቸው። በሰው የተጠቃሚ ስም መሥራትም ያው ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ “ንብረት1” የሚባል ነገር እንዳትቀበዪ። ነገ ተተኪሽ በዚያው ይገባል፣ ችግሩም ከእንደገና ይጀምራል። የራስሽ ስምና የአባትሽ ስም ይሁን። እኛ አገር በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ሁለት ሠራተኞች አንድ ቢሮ መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ የአያት ስም ይጨመር። የላቲን ፊደሉም መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ አለበለዚያ አንዱ ጋ ሌላ፣ አንዱ ጋ ሌላ ሆነሽ ትመዘገቢያለሽ።

እስከ ዛሬ ስለሠራሽውስ? ከቆጠራው በፊት የርክክብ ደብዳቤ ጻፊ። በእሱ ስም የሠራሻቸውን ሰነዶች ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው ዘርዝሪ። ኃላፊሽ ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይደረግበት፣ አንድ ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር። ለለቀቀው ልጅም ኮፒ ይላክለት፤ ከሄደ በኋላ የወጣ ዕቃ በስሙ ተመዝግቧልና።