የሆፕስ አተላ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ቤት ውስጥ ቢራ ስለመጥመቅ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ከሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የተክል አበባ) ስለሚቀረው አረንጓዴ አተላ ሆነና በዚያው እንቀጥል።

ጥያቄ፦ አፍልቼ ስገለብጥ አተላው በሙሉ ማብላያው ባልዲ ውስጥ ገባ። ቢራው ተበላሸ?

መልስ፦ ኧረ አልተበላሸም፣ አትጨነቂ። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ አተላውም አብሮት ታች ይተኛል። ሁለት ሦስት ሳምንት አብሮ ቢቆይ አያሳስበኝም። እንዲያውም ከፍላቱ የሚተርፈው ዝቃጭ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ለእርሾው ምግብ ይሆነዋል። ዋናው ኪሳራ ቢራ መጥጦ መያዙ ነው። ሆፕስ የምታበዢ ከሆነ ከመነሻው አንድ ሁለት ሊትር አስበልጠሽ ጥመቂ።

ጥያቄ፦ በወንፊት ባጠልለውስ?

መልስ፦ እርሾ ሳይገባበት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በጸዳ ወንፊት ከሆነ ይቻላል። ያኔ አየር ቢገባበት ጥሩ ነው፤ እርሾው ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል። ግን የእንክብል ሆፕስ ሲፈርስ ዱቄት ስለሚሆን ወንፊቱን ቶሎ ይደፍነዋል። እኔ የምመርጠው እሳቱን አጥፍቶ በማንኪያ ወደ አንድ አቅጣጫ በደንብ ማሽከርከር፣ ከዚያ ከድኖ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አለመንካት ነው። አተላው መሃል ላይ ይከመራል፣ አንተ ከዳር ትቀዳለህ።

ከተብላላ በኋላ ግን ወንፊት የሚባል ነገር እንዳታነሳ! አየር ይገባበትና የሆፕሱ መዓዛ ይጠፋል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ይመጣል። አየር ከገባበት ቢራ አተላ ያለበት ሺህ ጊዜ ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ ሆፕሱን በከረጢት አድርጎ መጨመርስ?

መልስ፦ ይሠራል። ግን ሆፕስ ሲርስ ያብጣል። አጭቀህ ከሞላኸው መሃሉ ደረቅ ይቀራል፣ ግማሹን ባዶ ተወው።

ጥያቄ፦ ለመዓዛ ብዬ መብላላቱ መጨረሻ ላይ የጨመርኩት ሆፕስ ተንሳፎ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከ2 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል፣ ሲሰነብት ሣር ሣር ይላል። ከዚያ ወደ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አውርደህ አንድ ሁለት ቀን አቆየው፣ አብዛኛው ይዘቅጣል። ስትቀዳ የቱቦው ጫፍ አተላውን እንዳይነካ ከፍ አድርገህ ያዝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሆፕስ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች እርሾው መብላት ያቃተውን ስኳር ይሰባብሩለትና ያለቀ የመሰለው መብላላት እንደገና ይነሳል። ይህ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከማቀዝቀዝህ በፊት ሃይድሮሜትሩ (የፈሳሹን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ) ለሦስት ቀን ያው ቁጥር ማሳየቱን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ አተላውን የት ልድፋው?

መልስ፦ አፈር ላይ በትኚው። ውሻ ካለሽ ግን አጠገቡ እንዳይደርስ! ሆፕስ ለውሻ መርዝ ነው፣ የሰውነቱን ሙቀት እስከ ሞት በሚያደርስ መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሲበላ ካየሽው ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።