ሎግ አውት ተደርጎም የማይቆም ስክሪፕት

ቱሉ ዲምቱ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላት አንባቢ እንዲህ ትላለች፦ ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተሯ ሲነሳ፣ ስካን የተደረጉ ፋይሎችን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት (ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) አብሮ ይነሳል። ሎግ አውት ስታደርግ አይቆምም። መልሳ ስትገባ ሁለት ይሆናል። ኮምፒውተሩን ስትዘጋ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያስጠብቃታል።

እህቴ፣ ይቺን 1 ደቂቃ ከ30 ሳነብ ነው የጠረጠርኩት። ስክሪፕቱን የሠራልሽ ሰው እንዳይቆም ብሎ ኖሀፕ (ተርሚናሉ ቢዘጋም ፕሮግራሙን የሚያስቀጥል ትዕዛዝ) ጨምሮበታል፤ ከውስጥም ሲግተርምን፣ ማለትም «ቁም» የሚለውን ሲግናል (መልእክት)፣ ችላ እንዲል አዞታል። እንዲህ ተደርጎ የሚመጣልኝ ኮምፒውተር ብዙ ነው፣ ያናድደኛል። ችግሩን ሸፍኖ ሄደ እንጂ አልሠራውም።

ከሁሉ በፊት፦ መዝጋቱ ዘገየ ብለሽ የፓወር ቁልፉን ተጭነሽ አታጥፊው። ዲስኩ እየጻፈም አትንቀይው።

ሲስተምዲ (ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው) ፕሮግራም ሲያቆም መጀመሪያ ሲግተርም ይልካል፣ ቁጥር 15። «የጀመርከውን ዝጋና ውጣ» ማለት ነው። ካልወጣ በተለምዶ 90 ሰከንድ ይጠብቅና በግድ የሚያቆመውን ሲግኪል ይልካል፣ ቁጥር 9። ይሄን ማንም ፕሮግራም ችላ ሊለው አይችልም፤ ግማሽ የተገለበጠ ፋይል የሚቀረው ያኔ ነው። ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ባሽ (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ጥሩ ትራፕ (ሲግናል ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው መስመር) ቢጻፍለት እንኳ፣ ሲግናሉ ለእሱ ብቻ ከተላከና «ስሊፕ 300» ላይ ከሆነ (300 ሰከንድ እየጠበቀ ማለት ነው)፣ ስሊፑ እስኪያልቅ ትራፑን አይነካውም። እስከ 5 ደቂቃ! ሲስተምዲ የሚቆጣጠረው ሰርቪስ ካደረግሽው ግን ሲግተርሙ ለስክሪፕቱም፣ እሱ ላስነሳቸውም ሁሉ ይደርሳል። ስሊፑም አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ከስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ (ስትገቢ በራሳቸው ከሚነሱት ዝርዝር) አውጪው። ኖሀፑንና ሲግተርም የሚያፍነውን መስመር ሰርዢ። ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ባለው የሲስተምዲ ዩዘር ፎልደር (.config/systemd/user) የሰርቪስ ፋይል ክፈቺ። በፋይሉ ዋንትድባይ (WantedBy) መስመር ላይም ፓርትኦፍ (PartOf) መስመር ላይም ግራፊካል ሴሽን ታርጌትን (graphical-session.target፣ ገብተሽ የምትሠሪበትን የዴስክቶፕ ሴሽን የሚወክለውን) ጻፊ። ዋንትድባይ ያስነሳዋል፤ ሴሽኑ ሲያልቅ የሚያወርደው ፓርትኦፍ ነው፣ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ከዚያ በዩዘር ደረጃ ኢኔብል አድርጊው (በራሱ እንዲነሳ)፣ ያለ ሱዶ (ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን)።

የዲስኩን ኬብልም እዪው። ነካ ሲያደርጉት የሚቆራረጥ ርካሽ ኬብል ከሆነ ጣዪው። ዲስኩ መልስ ካልሰጠ ፕሮግራሙ ሲግኪል ተልኮለትም ቶሎ አይወጣም። መብራት ሄዶ በዩፒኤስ ስትዘጊ ደግሞ 90 ሰከንድ ብዙ ነው።

ለመፈተሽ ሎግ አውት አድርጊና ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 3 ተጫኚ። በሚከፈተው የጽሑፍ ተርሚናል ግቢና በፒግሬፕ (pgrep -f፣ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሙሉ ትዕዛዛቸው የሚፈልግ) ስክሪፕቱን ፈልጊው። ምንም ካላወጣ ቆሟል ማለት ነው። አሁንም የሚታይ ከሆነ የስክሪፕቱን ጽሑፍ እንዳለ ላኪልኝ፤ እስከዚያው በፓወር ቁልፉ አታጥፊ።