ጭሱ የጎረቤት፣ ፀጉሩ የእኔ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኛ በታች ያሉት ልጆች ጋንጃ ያጨሳሉ፤ ጭሱ በደረጃው እየወጣ ቤታችንን ይሞላዋል። አሁን ለውጭ አገር ሥራ የፀጉር ምርመራ ታዞብኛል። ሹሩባ ተሠርቻለሁ፣ ቅቤም እቀባለሁ። ጭሱ አጫሽ ያስብለኛል? ላቦራቶሪው ከላይ ያረፈውን አጥቦ መለየት ይችላል?

መልስ፦ እህታችን፣ አብዛኛውን ይለያል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ላቦራቶሪ በአጠባ ብቻ አይፈርድም።

ናሙናው ከአናት በስተኋላ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል፣ ከቆዳው አጠገብ ይቆረጣል። ሥሩ በየት በኩል እንደሆነ ምልክት ተደርጎበት በፎይል ይጠቀለልና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ ፍሪጅ አይገባም። ፀጉር በወር 1 ሴ.ሜ ገደማ ስለሚያድግ ከሥሩ ያለው 3 ሴ.ሜ የ3 ወር ያህል ታሪክ ይዟል። ሹሩባው ይፈታ። ሂውማን ሄር ከተቀጠለበት የማያውቁት ሰው ፀጉር በእርስዎ ስም ሊመረመር ይችላል!

አጠባው ፀጉሩ ከመፈጨቱ በፊት መሆን አለበት። ቀድሞ ከተፈጨ ቅርፊቱ ይሰበርና የውስጡ ዕፅ ከውጭው ጋር አብሮ ታጥቦ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚገባው ፀጉሩን የማያሳብጥ ፈሳሽ ነው፤ ዳይክሎሮሜቴን ወይም ውሃ የሌለው አይሶፕሮፓኖል። ቅቤውን፣ ወዙንና አቧራውን የሚያነሳው ይህ ነው። ቅቤው ሳይነሳ ውሃ ቢጨመርበት ውሃው በቅባቱ ላይ ይንሸራተታል። ውሃ ነክ ፈሳሽ ቀጥሎ ይገባል፤ ፀጉሩን አሳብጦ ከላይኛው ሽፋን ሥር የተሸጎጠውን ያወጣል።

ጠንከር ካሉት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ በአይሶፕሮፓኖል 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚነቃነቅ የፎስፌት ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ ውሃ ነክ ፈሳሽ) 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ ደግሞ ለ60 ደቂቃ። በጠቅላላው 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የመጨረሻው እጣቢ አይደፋም። በውስጡ የተገኘው መጠን በ5 ተባዝቶ ፀጉሩ ውስጥ ከተገኘው ላይ ይቀነሳል፤ አጠባው ለ5 ሰዓት ያህል ቢቀጥል ሊወጣ የሚችለውን ለመገመት ነው። ቀሪው ከመቁረጫው፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከሚያስብለው ዝቅተኛ መጠን፣ በታች ከወረደ ውጤቱ ነጌቲቭ ነው። ሁለት ደቂቃ አለቅልቆ እጣቢውን የሚደፋ ላቦራቶሪ ይህን ማስላት አይችልም። በሌላ በኩል በሙቅ ሜታኖል ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ የውስጡንም ያወጣል፤ ያ አጠባ ሳይሆን ማውጣት ነው።

የጋንጃን ነገር በተለየ እንየው። ጭስ ፀጉር ላይ የሚያሳርፈው ቲኤችሲ ነው፤ የጋንጃው አስካሪ ንጥረ ነገር ማለት ነው። ካርቦክሲ ቲኤችሲ የሚባለው ግን ከቲኤችሲ የሚሠራው ሰውነት ውስጥ ነው፤ በጭሱ ውስጥ የለም። ለቲኤችሲ የተለመደው መቁረጫ በሚሊግራም ፀጉር 0.05 ናኖግራም ሲሆን ለካርቦክሲው 0.2 ፒኮግራም ነው፤ 250 እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ጥሩ መሣሪያ ይጠይቃል። ካርቦክሲውም ቢሆን ፍጹም ማስረጃ አይደለም፦ በ2015 በጀርመን የወጣ ጥናት ከአጫሽ እጅ፣ ላብና ወዝ ወደ ሌላ ሰው ፀጉር ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቷል። ሹሩባ የምትሠራዎት ሴት የምታጨስ ከሆነች ይህ እርስዎንም ይመለከታል።

ከምርመራው በፊት ፀጉርዎን በብሊች አያንጡት፣ በኬሚካል አያለስልሱት። ቅርፊቱ ሲከፈት ጭሱ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል፣ በአጠባም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ናሙና ሲሰጡ ቅቤውንም ጭሱንም አስመዝግቡ። ውጤቱ «ቲኤችሲ ተገኝቷል» ብቻ የሚል ከሆነ የካርቦክሲውንና የመጨረሻውን እጣቢ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ።